«እንደመሰላችሁ» የምትለው ቁልፍ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሱቃችን ተገልብጦ አየሁት። እቃው ገዢ ሆኖ ውጭ ሰልፍ ይዟል፤ እኛ ሰዎቹ ደግሞ ውስጥ መስቀያ ላይ ተሰቅለን የሚወስደንን እንጠብቃለን።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። የምሠራው የሐበሻ ልብስ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ደንበኛው ስልኩ ላይ አንገቱን፣ እጅጌውን፣ ጥለቱን እየመረጠ ልብሱን በልኩ ያዝዛል። ይህን መምረጫ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ጓደኞቼ ደግሞ ከእኔ እየወሰዱ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ትግርኛና ወደ ሶማሊኛ መለሱት። እንግሊዝኛው ምረጥ፣ ምረጥ፣ አሁንም ምረጥ ይላል። የእኛ ሰው እንዲህ ሲያፋጥጡት አይወድም። እናቴ ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄድ «አንተ እንደመሰለህ» ብላ ነው ጨርቁን የምታስረክበው፤ ሲደርስ ማማረሯ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከራሴ አንዲት ቁልፍ ጨመርኩ፤ «እንደመሰላችሁ» የምትል። የሱቁ ባለቤት እትዬ ዘርፌ ከደስታቸው ብዛት ግንባሬን ሳሙኝ። መምረጫው የሚከፈተው ዛሬ ጠዋት ነበር፤ እጮኛዬ አዜብም የመልስ ቀሚሷን በዚሁ ልታዝዝ ተዘጋጅታለች። ቀሚሱ ካላማረብኝ መልሱም ሠርጉም ይቅር ብላ ምላለች፤ አዜብ ደግሞ ስትምል ቀልድ አታውቅም። ልቤ እንደተንጠለጠለ ነው የተኛሁት።

እናም በሕልሜ ከእትዬ ዘርፌ ጎን ተሰቅያለሁ። እሳቸው አንገት ላይ «በተለያየ ቁመት ይገኛል» የሚል ወረቀት ተንጠልጥሏል። በሩ ሲከፈት አንድ ጋቢ ገባና የማያንኮራፋ ትከሻ ጠየቀ። ከድሬዳዋ የመጣች ሽቲ ቀሚስ በሶማሊኛ ሳቂታ ሴት አምጡልኝ አለች። አንድ ጥንድ ጫማ በኦሮምኛ ቀጠሮ የሚያከብር እግር አዘዘ። አንዱም አልከበደኝ። በእውኔ በኦሮምኛ ከሰላምታ የማላልፈው ሰውዬ፣ እዚያው እንደተሰቀልኩ አራቱንም ቋንቋ አንበለበልኩት። አንዲት ነጠላ በትግርኛ ስትናገር ለጋቢው በአማርኛ፣ ለጫማው በኦሮምኛ አስረዳለሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ መስቀያው እስኪወዛወዝ ድረስ እስቅ ነበር።

ከዚያ ወርቅ የተጠለፈበት ካባ ገባ። ለራሱ የሚሆኑ ሽማግሌ ፈልጎ ነው። ቦርጫቸው ምን ያህል ይሁን ተብሎ ሲጠየቅ አፈረ፤ አቀረቀረና የእኔን ቁልፍ ተጫነ። የመጡት ሽማግሌ ሁለት ቦርጭ ነበራቸው፤ አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ። ካባው ዞር ዞር ብሎ አያቸውና በጣም ያምራሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ተቀበለ። ከበሩ እንደወጣ ግን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሲያማን ይሰማን ነበር።

ይኼኔ ሰልፉ መንገድ ለቀቀ። አንዲት ነጭ ቀሚስ፣ ሰው ሳይኖርባት፣ ቀጥ ብላ እየተራመደች ገባች። ጥለቷ ባየሁት ቁጥር ይለዋወጣል፤ አረንጓዴ ነው ስል ወይን ጠጅ፣ ወይን ጠጅ ነው ስል ወርቅማ ይሆናል። የአዜብ የመልስ ቀሚስ መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። የመጣችው ሙሽራ ልታዝዝ ነው። ደረቴን ነፋሁ፤ እኔን፣ እኔን፣ እያለ ልቤ ዘለለ።

«ይኼን» አለች በእጅጌዋ እየጠቆመችኝ። «ግን ትንሽ ይስተካከልልኝ።»

ቁመት የሚለውን ስትጫን ጭንቅላቴ ከአምፖሉ ጋር ተላተመ። ድምፅ የሚለውን ስትጫን እንደ ዜና አንባቢ ጎረነንኩ። ግድ አልነበረኝም፤ ተመርጫለሁ። ጆሮዬ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ጆሮዬ ትልቅ ነው። ስንኳረፍ አዜብ ጎተት ታደርገውና እርቁ እዚያው ያልቃል።

«ጆሮህስ?» አለች ቀሚሷ። «አንተ ራስህ ምን ይሁን ትላለህ?»

እንዳለ ይቀመጥ ልል አፌን ከፈትኩ። የአዜብ ነው፣ አይነካ ልል ነበር። ግን እንዲህ ባለች የተከበረች ቀሚስ ፊት ይኼ ይሁን፣ ያ ይቅር ማለት ነውር መሰለኝ።

«እርስዎ እንደመሰለዎት» አልኩ፤ በአራቱም ቋንቋ።

ትልቅ መቀስ ከጣሪያው ወርዶ ቀዝቃዛ አፉን ጆሮዬ ላይ ሲያሳርፍ ስልኬ ጮኸና ነቃሁ።

ረፍዷል። ጆሮዬን ዳሰስኩ፤ ሁለቱም አሉ። የደወሉት እትዬ ዘርፌ ናቸው። ትእዛዙ በአራቱም ቋንቋ እየጎረፈ ነው ሲሉኝ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝም። ሰዉ ምን ምን እንደመረጠ ጠየቅኳቸው።

«እንደመሰላችሁ ነዋ፣ ፍሬው። ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር። ሸማኔዎቹ በር ላይ ቆመው ምን እንሥራ ይሉኛል። የመጀመሪያዋ ደግሞ ያንተዋ አዜብ ናት።»

አዜብ ጋ ደወልኩ። የጥለቱን ቀለም፣ የአንገቱን ቅርፅ፣ ካልሆነም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ንገሪኝ ብዬ ለመንኳት።

«አንተ እንደመሰለህ» አለችኝ፤ በጣም በለሰለሰ ድምፅ።

ምነው ያ መቀስ ከስልኩ ትንሽ ቀድሞ ጆሮዬን በቆረጠው ኖሮ።