ክቡር የጨርቅ ሚኒስትር

ዩኒቨርሲቲ ባለበት ሁሉ ተማሪዎችን በትርፍ ሰዓት የሚያሠራ አንድ አለቃ አለ። ሥራ ፈትቶ የቆመ ተማሪ ዓይኑን ያቃጥለዋል። የተቀመጠማ እንቅልፍ ይነሳዋል። ደብተር ገልጦ ካገኘው ደግሞ በቃ፣ ጉድ ፈላ ማለት ነው። እየሠራ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዱ መመገቢያ አዳራሽ፣ ሌላው ኮፒ ቤት፣ ሌላው ቤተ ሙከራ ውስጥ ገጥሞታል። የእኔ ዕጣ የወደቀው ቤተ መጻሕፍት ነበር።

የእኛን አለቃ በሌሉበት «ክቡር የጨርቅ ሚኒስትር» እንላቸዋለን። ፊት ለፊት «ጋሼ» ናቸው። ሹመቱን የሰጠናቸው ከእጃቸው በማይለየው እርጥብ ጨርቅ ምክንያት ነው። ከአዳራሹ ጫፍ ሆነው «እጅሽ የታለ?» ይሉና ባዶ መሆኑን ሲያዩ ጨርቁን ወርውረው ያስታቅፉሻል።

«ያንን ጠረጴዛ ጥረጊ።»

«አሁን ጠረግሁት እኮ ጋሼ።»

«እንግዲያው ንጹሕ ነው፤ ስትጠርጊው አያስቸግርሽም።»

ከእሳቸው ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አላየሁም። አንድ ጊዜ የተመለሱትን መጻሕፍት ሁሉ ደርድረን ጨርሰን፣ ዛሬስ ጎሽ ይሉናል ብለን ተኮልኩለን ቆምን። ክቡርነታቸው ከላይ እስከ ታች ቃኙንና የላይኛው ረድፍ ወደ ታች፣ የታችኛው ወደ ላይ እንዲዛወር አዘዙ። አንባቢው ሲደናገርስ ብንላቸው፣ «ትመሩታላችሁ፤ እሱም ሥራ ነው» አሉን።

ግድግዳው ላይ የተማሪ ሠራተኞች ቢሮ የለጠፈው ማስታወቂያ ነበር። በሥራ ላይ ሳለ ሲያነብ የተገኘ ተማሪ ወዲያውኑ ይሰናበታል ይላል። ልብ በሉ፣ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከበር የገባ ሁሉ ሲያነብ ይውላል፤ ማንበብ የተከለከልነው ለመማር ብለን የምንሠራው እኛ ብቻ ነን። ይህን ያረቀቀው ሰው ሲያረቅቀው እንኳ አላፈረም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። የቢሮው ኃላፊም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በየጊዜው ብቅ ይሉና በየመደርደሪያው መሃል አንባቢ ያድናሉ።

እኔ በዚያ ሰሞን መውጫ አጥቼ ነበር። አባቴ ከታመመ ወዲህ ከቤት የሚላክልኝ ቀርቷል፤ ከሥራው ብባረር ትምህርቱ ያከትማል። በስታቲስቲክስ ደግሞ ወድቄ ድጋሚ ፈተና እየጠበቅሁ ነው፤ ባላጠና ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያባርረኛል። ስለዚህ ከመጽሐፍ ጋሪው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ደብተሬን ገለጥሁ። ቀና ስል ክቡርነታቸው በአንድ በኩል፣ የቢሮው ኃላፊ በሌላ በኩል ቆመዋል።

«ይህችማ ዛሬውኑ ትሰናበት» አሉ ኃላፊው።

«ትሰናበት?» ብለው ጋሼ ጮኹ፤ አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ። «ስንብትማ ለእሷ ዕረፍት ነው! ምድር ቤት ትውረድ! እዚያ አቧራ ስትቅም ትዋል፣ ያኔ ሥራ ምን እንደሆነ ይገባታል!»

ኃላፊው ቅጣቱ ጣማቸው መሰለኝ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ምድር ቤቱ የተቀዳደዱ የድሮ መጽሔቶች የሚጣሉበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። እያለቀስሁ፣ እየረገምኋቸውም ወረድሁ። ሥራዬ መጽሔቶቹን በየዓመታቸው ለይቶ ማሰር ነበር። ገብቼ ባይ ሁሉም ተለይቶ ታስሯል። የሚሠራ መብራት፣ ጠረጴዛና ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ትራስ ሳይቀር ተደርጎበታል። ተመልሼ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ታስሯል እኮ።»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «እንግዲያው ፍቺና እንደገና እሰሪ። አትቸኩዪ። በሩን ከውስጥ ዝጊ፣ አቧራው ወደ ላይ እንዳይመጣብኝ። እኔ እንደሆነ ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ አልወርድም።»

ደደብ ሆኜ አይደለም፣ ንዴት ያደነቁራል። የተባልሁትን የምር ይዤ ስፈታና ሳስር ሰነበትሁ። መብራቱና ትራሱ ለምን እንደተዘጋጁ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ደብተሬን ገለጥሁ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን እኔ ታች ትራስ ላይ ተቀምጬ ሳጠና፣ አብራኝ የምታድረውና እዚያው አብራኝ የምትሠራው የክፍል ጓደኛዬ እላይ አዳራሹ ውስጥ ስታነብ ተያዘች። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጮኹ፤ «ምድር ቤት ትውረድ!» አሉ። ኃላፊው ግን «እዚያ ሰው አለ አይደል እንዴ?» አሉ። ወንበሩ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በእኔ ተይዟል። እሷ ተሰናበተች። ወደ ክፍላችን ስመለስ ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አንድን ተማሪ ከመባረር ለማዳን ሌላ ሰው ጨካኝ መስሎ መጮህ ያለበትን ቤት ምን ብዬ እንደምጠራው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፈተናውን አለፍሁ። ለማመስገን ወደ ጋሼ ሮጥሁ።

«ጋሼ፣ አለፍሁ!»

«ከየት ወዴት?»

«ፈተናውን ነዋ።»

«እኔ የማውቀው ፈተና የለም። ዕቃሽን ከታች አውጪ» አሉና ጨርቁን ወረወሩልኝ።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ምድር ቤቱም ሌላ ነገር ሆኗል አሉ። ስለዚህ ብናገረው የሚጎዳ ሰው የለም። ያኔ ግን የሚጎዳ ነበር። ዕቃዬን ይዤ ስወጣ፣ በዚያው ቀን በሕዝብ ፊት ተሰድቦ ወደ ምድር ቤት የተላከ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ደረጃው ላይ አገኘሁ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ይህ ሰውዬ ልብ የለውም» አለኝ።

ልነግረው አፌ ድረስ መጣ። ለእሱ ብነግር ለጓደኛው ይነግራል፤ ጓደኛው ለሌላው፤ ወሬው ቢሮ ሲደርስ ወንበሩም ይቀራል፣ ጋሼም ይቀራሉ። ሆድ ይፍጀው አልሁ።

«የለውም» አልሁት። «ከድንጋይ ነው የተሠራው።»

ሰው አምቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።