አራተኛው ብሎን

[እሪ በከንቱ፣ የቃለጽድቅ ግቢ፤ እሑድ ረፋድ ላይ። አንድ ያረጀ ዲኤክስ መኪና የኋላ ጎማው ተንፍሶ ቆሟል፤ ክሪክ ከሥሩ ገብቷል። ከጎማው አራት ብሎኖች ሦስቱ ተፈትተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አራተኛው አልፈታም ብሏል። እሸቴ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ በጎማ መፍቻ ይታገላል። የመኪናው ባለቤት ቃለጽድቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየዋል።]

እሸቴ፦ ወደ ግራ ነው አልኩህ! የትም አገር ብሎን የሚፈታው ወደ ግራ ነው!

ቃለጽድቅ፦ እኔ ምን አልኩ?

እሸቴ፦ ምንም አላልክም። ፊትህ ግን ወደ ቀኝ የሚል ይመስላል።

ቃለጽድቅ፦ ፊቴ ከልጅነቴም እንዲህ ነው።

እሸቴ፦ ሦስቱን ወዴት አዙሬ ነው የፈታሁት?

ቃለጽድቅ፦ ወደ ግራ።

እሸቴ፦ ታዲያ ይሄኛው ማን ስለሆነ ነው እምቢ የሚለው?

ቃለጽድቅ፦ [ከድንጋዩ ብድግ ብሎ] እኮ፣ ለምንድን ነው? ታውቃለህ?

እሸቴ፦ በደንብ ነዋ! ብርድ ነው። ቤትህ ወንዝ ዳር ነው፤ ሌሊት እርጥበቱ ይወጣል። ብረት ብርድ ሲመታው እንደ ሰው ይኮማተራል። ሳይንስ ነው።

ቃለጽድቅ፦ [ቅር ብሎት ተመልሶ ይቀመጣል] አወቅከው ማለት ነው።

እሸቴ፦ እኔ የማላውቀው ነገር አለ እንዴ?

ቃለጽድቅ፦ እኔም እሱን ነው የምጠብቀው።

እሸቴ፦ ምን አልክ?

ቃለጽድቅ፦ ሦስቱንስ ብርድ አልመታቸውም ወይ አልኩ።

እሸቴ፦ እነሱ በፀሐይ በኩል ናቸው።

ቃለጽድቅ፦ ጎማ ይዞር የለም እንዴ?

እሸቴ፦ [ላቡን እየጠረገ] ከአንተ ጋር ሰው ሥራ አይሠራም! ዝም ብለህ ተቀመጥ።

ቃለጽድቅ፦ እሸቴ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ሱቅ ደርሰህ ና። እኔ ብቻዬን ልሞክረው።

እሸቴ፦ አንተ? መብራት ሲጠፋ ቆጣሪውን በጥፊ የምትመታው ሰውዬ? እኔ የተሸነፍኩለትን ብሎን አንተ ልትፈታው?

ቃለጽድቅ፦ ዞር ብትልልኝ ብቻ...

እሸቴ፦ ቁጭ በል አልኩህ!

[የእሸቴ ስልክ ይጮኻል። ድምፁን አሳምሮ ያነሳል።]

እሸቴ፦ አቤት፣ ጋሽ ወልደገብርኤል!... ኧረ ወጥተናል! መንገድ ላይ ነን... የሞተር ድምፅ? እሱማ እንዴት ይሰማዎታል፤ በእጄ ነው ያደስኩት፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም... እዚያው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ጠብቁን። መጣን፣ መጣን። [ይዘጋል] ሦስት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው ፀሐይ ላይ ተገትረዋል!

ቃለጽድቅ፦ በታክሲ ለምን አይሄዱም? የልጅቷ ቤት እኮ እዚሁ ስድስት ኪሎ ነው።

እሸቴ፦ አይ ፋራ! የተናኘወርቅን አባት አታውቃቸውም። በመስኮት ነው የሚያዩት። ሽማግሌ በምን እንደመጣ ሳያዩ በር አያስከፍቱም። ደግሞ እኔ «በራሴ መኪና ነው የምልካቸው» ብያለሁ።

ቃለጽድቅ፦ በየትኛው መኪናህ?

እሸቴ፦ በዚህ ነዋ!

ቃለጽድቅ፦ ይሄ የኔ ነው።

እሸቴ፦ የኔና የአንተ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ጀለሴ አይደለህ እንዴ?

ቃለጽድቅ፦ ተናኘወርቅን ካገባህ በኋላም እንደዚሁ ነን?

እሸቴ፦ አፍህን ያዝ! ስማኝ፣ ቃሌ፦ ባለፈው ሽማግሌዎቹ አርፍደው አባትዬው መልሰዋቸዋል። «ዛሬም ካረፈዱ ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ» ብለዋል። እኔ ደግሞ ጠጉሬ መሸበት ጀምሯል። ይህቺን ልጅ ካጣሁ ከአንተ ጋር ነው የማረጀው።

ቃለጽድቅ፦ [ከልቡ ደንግጦ] ኧረ እንፍታው!

እሸቴ፦ በል ያን ለስላሳ አምጣ። ዩቱዩብ ላይ አንድ ሰውዬ የዛገ መርከብ በለስላሳ ሲፈታ አይቻለሁ።

ቃለጽድቅ፦ ጠጣሁት።

እሸቴ፦ ለብሎኑ ነበር እኮ የገዛሁት!

ቃለጽድቅ፦ አልነገርከኝም። ቀዝቃዛ ነበር።

እሸቴ፦ ምንም አልተረፈም?

ቃለጽድቅ፦ ጉንጬ ውስጥ ትንሽ አለ።

እሸቴ፦ ዋጠው! ነጭ ጋዝ ስጠኝ።

[ነጭ ጋዝ ያፈሳል፤ አብዛኛው ሱሪው ላይ ይፈሳል። መፍቻው ላይ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ሰክቶ በሁለት እግሩ ይቆምበታል። ቧንቧው ይጣመማል፤ እሸቴ በቂጡ መሬት ይወርዳል።]

ቃለጽድቅ፦ ይሄስ ለምን ሆነ? ታውቃለህ?

እሸቴ፦ [እየተነሳ] አዎ! ቧንቧው ነው! የድሮ ቧንቧ ቢሆን ኖሮ ብሎኑ ይነቀል ነበር። የዛሬ ቧንቧ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው።

ቃለጽድቅ፦ [ለራሱ] ለዚህም መልስ አላጣም።

እሸቴ፦ ምን ትላለህ ዝም ብለህ? ጧፍ አምጣ።

ቃለጽድቅ፦ ጧፍ ምን ያደርጋል?

እሸቴ፦ ብረቱን አሙቀህ ሰሙን ታቀልጥበታለህ። ሰሙ ወደ ውስጥ ይገባና ያለሰልሰዋል።

ቃለጽድቅ፦ ያለኝ ጧፍ ከጊዮርጊስ ያመጣሁት ነው። ለብሎን ይበራል እንዴ?

እሸቴ፦ ይሄ ብሎን ሰይጣን አለበት። አምጣ! ቆይ፣ ቆይ... መጀመሪያ ሱሪዬን ልለውጥ። ነጭ ጋዝ ነክቶታል።

ቃለጽድቅ፦ ይሄን እንኳ አወቅከው።

[ቃለጽድቅ አሮጌ የሥራ ሱሪ ያቀብለዋል። እሸቴ ከላይ ኮትና ክራቫት፣ ከታች ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቀረ ሱሪ ለብሶ፣ ብሎኑን በጨርቅ አድርቆ ጧፉን ያስጠጋበታል። ጎንበስ ብሎ ያያል።]

እሸቴ፦ ይሄ ከብሎኑ ጎን የደረቀው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?

ቃለጽድቅ፦ [ፊቱን ያዞራል] መናገር አልችልም።

እሸቴ፦ ስለማታውቅ ነዋ! እኔ ልንገርህ፤ የአስፋልት ቅጥራን ነው። ሲነዳ እየተረጨ ይለጠፋል።

ቃለጽድቅ፦ እርግጠኛ ነህ? ምናልባት ምን እንደሆነ... የማታውቀው ነገር ከሆነ...

እሸቴ፦ ቅጥራን ነው አልኩህ! መዶሻና መሮ ስጠኝ፤ ትዕግሥቴ አልቋል።

[በመዶሻና በመሮ ይቀጠቅጣል። የብሎኑ ማዕዘን ይላጣል። የመዶሻው ራስ ወልቆ በአጥር ላይ ያልፋል። ከጎረቤት የዶሮ ጩኸት ይሰማል።]

ቃለጽድቅ፦ የመታኸው የወይዘሮ አልጋነሽን ዶሮ ነው።

እሸቴ፦ እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ይህን ብሎን ያሰረው ሰው ማነው? እንዴት ያለ የደደብ ደደብ ነው?

ቃለጽድቅ፦ ኧረ ተው፣ እንዲህ አትበለው።

እሸቴ፦ እለዋለሁ! እንዲህ እንዲታሰር የመከረ ጭንቅላት ሙዚየም መቀመጥ አለበት። ላገኘው ነው የምፈልገው! ፊት ለፊቴ አቁሜ «አንተ ከንቱ፣ አእምሮህን ማን ሰረቀህ?» ነው የምለው።

ቃለጽድቅ፦ ሰውዬው እንኳ ራሱን ጎበዝ ነው የሚለው።

እሸቴ፦ ታውቀዋለህ?

ቃለጽድቅ፦ በደንብ።

እሸቴ፦ የታለ?

ቃለጽድቅ፦ እዚሁ ሰፈር ነው። ዛሬ ግን ሥራ በዝቶበታል።

[ስልኩ ይጮኻል። እሸቴ እያመነታ ያነሳል።]

እሸቴ፦ አቤት ጋሼ... አዎ፣ ደርሰናል... ድልድዩ ላይ ነን... እርስዎም ድልድዩ ላይ ነዎት? እኛ ከወዲያኛው ጫፍ... ወዲያኛው ጫፍ ላይም አንድ ሽማግሌ አቁመዋል?... ይቅ... ማለት... ስለ ጎማ ነው፣ ጋሼ... ስንት ሰዓት እንመጣለን?... ጋሼ፣ ምን ልበልዎ?... አላውቅም! በእውነት አላውቅም! ... እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ? ከዚያ ወደየቤታችሁ? እሺ። [ስልኩን ያወርዳል] «ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምንደውለው» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ምሳቸውን ሊበሉ ነው።

ቃለጽድቅ፦ [ተነስቶ ቆሟል] ምን አልክ?

እሸቴ፦ ምሳቸውን...

ቃለጽድቅ፦ ከእሱ በፊት!

እሸቴ፦ አላውቅም ነዋ ያልኩት!

ቃለጽድቅ፦ ድገመው።

እሸቴ፦ አላውቅም! ይሄ ብሎን ለምን እንደማይፈታ አላውቅም! ደስ አለህ?

ቃለጽድቅ፦ ተመስገን አምላኬ!

[ካቻቢቴ አንስቶ ጥቁሩን ነገር ይፈነቅለዋል። ከሥሩ የሚስማር ጭንቅላት ብቅ ይላል። በፒንሳ ይዞ ሳብ ሲያደርገው ሚስማሩ ይወጣል። ብሎኑን በዚያው ፒንሳ ዞር፣ ዞር ያደርገዋል። ብሎኑ እጁ ላይ ይወድቃል።]

እሸቴ፦ ሚስማር።

ቃለጽድቅ፦ ሚስማር።

እሸቴ፦ ማነው ብሎኔ ላይ ሚስማር የከተተው?

ቃለጽድቅ፦ ብሎኑ የኔ ነው። የከተትኩትም እኔ ነኝ። ክተት ያልከኝ አንተ ነህ።

እሸቴ፦ እኔ?

ቃለጽድቅ፦ የጎማ ሌባ የበዛ ጊዜ፣ ፒያሳ ባንኮኒው ላይ ተደግፈህ ማኪያቶ እየጠጣህ «አንዱን ብሎን ከጎኑ ብሳው፣ ሚስማር ክተትበት፣ ላዩን በጥቁር ስቱኮ ድፈነው። ሌባው ሲታገል ይነጋበታል» አልከኝ።

እሸቴ፦ እና ይህን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብለህ ታየኛለህ? ለምን አትናገርም?!

ቃለጽድቅ፦ በአራዳው ጊዮርጊስ አስምለኸኛላ። «ለሚስትህ አትንገር፣ ለንስሐ አባትህ አትንገር፣ ሰው እያየህ አትፍታው፤ እኔ ራሴ እግርህ ላይ ወድቄ ብለምንህ እንኳ እንዳትነግረኝ» አልክ። «ታዲያ በእውነት ቢቸግርህ በምን ላውቅ?» ብዬ ጠየቅኩህ። «አላውቅም ካልኩህ ያን ጊዜ ንገረኝ። እኔን የሚያውቅ ሌባ ያን ቃል በሕልሙም አይገምተውም» አልክ።

እሸቴ፦ እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ቃለጽድቅ፦ ቃሏን አሁንማ ለመድካት። ከጠዋት ጀምሮ «ታውቃለህ? ታውቃለህ?» እያልኩ ለመንኩህ። ዞር በልልኝ ብልህ ድንጋይ ላይ አስቀመጥከኝ። አንተ ምክርህን ሰጥተህ ትረሳለህ፤ የምንኖርበት እኛ ነን።

እሸቴ፦ [ዝቅ ባለ ድምፅ] ያ... ቅድም ሙዚየም ያልኩት...

ቃለጽድቅ፦ ሰምቻለሁ። ሰውዬውም ሰምቷል።

እሸቴ፦ በቃ፣ በቃ! ጊዜ የለንም። ይህን ጉድ ለማንም እንዳትናገር!

ቃለጽድቅ፦ ልማል?

እሸቴ፦ እንዳትምል! ሁለተኛ እንዳትምል! ስኮርታ ጎማውን አምጣ።

[ክሪኩን ከፍ አድርገው የተነፈሰውን ጎማ ያወጣሉ። እሸቴ እየሮጠ የኋላ ኮፈኑን ይከፍታል። ትርፍ ጎማው በአንድ ብሎን ወለሉ ላይ ታስሯል። ከብሎኑ ጎን ጥቁር ስቱኮ አለ። እሸቴ ይስቃል።]

እሸቴ፦ አንዴ ተሞኘሁ እንጂ ሁለቴ የምሞኝ መስሎሃል? አሁን አውቄዋለሁ! [ስቱኮውን በካቻቢቴ ይፈነቅላል። ያያል። ጎንበስ ብሎ እንደገና ያያል። ብሎኑን በመፍቻ ይሞክረዋል፤ ንቅንቅ አይልም።] ሚስማሩ የታለ?

ቃለጽድቅ፦ ስኮርታው ላይ ሚስማር የለም። ስቱኮው ለማታለያ ነው፤ ብሎኑን የያዘው ሌላ ነገር ነው። «ሌባ አንዱን ካወቀ ሁለተኛውንም ያወቀ ይመስለዋል» ብለኸኝ ነበር።

እሸቴ፦ እሺ፣ አላውቅም! አላውቅም! አላውቅም! በል ፍታው!

ቃለጽድቅ፦ ለስኮርታው ያስማልከኝ ቃል ሌላ ነው።

እሸቴ፦ ዞር ልበልልህ! አጥር ልሻገር! ዓይኔን ልሸፍን!

ቃለጽድቅ፦ እሱ ለጎማው ነበር። ለስኮርታው «ቃሉን ሳልናገር እጅህ እንዳይነካው» ብለሃል። በጊዮርጊስ ነው፣ ቀልድ የለም።

እሸቴ፦ እኮ ቃሉን ንገረኛ!

ቃለጽድቅ፦ ከነገርኩህማ ምኑን ማልኩት? ይህም «ከአፌ አይወጣም» ያልከው ቃል ነው። እስቲ ሞክር።

[ስልኩ ይጮኻል። ሁለቱም ያዩታል።]

እሸቴ፦ የመጨረሻው ጥሪ ነው! ቃሌ፣ በተናኘወርቅ!... «ተሳስቻለሁ»?

ቃለጽድቅ፦ አይደለም።

እሸቴ፦ «ይቅርታ አድርግልኝ»?

ቃለጽድቅ፦ አይደለም።

እሸቴ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው»! «አንተ ትሻላለህ»! «መኪናው የአንተ ነው»!

ቃለጽድቅ፦ [ወደ ድንጋዩ ተመልሶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ተመቻችቶ ይቀመጣል] አንዱም አይደለም። ግን ቀጥል፣ ደስ ይላል።