የተምች የአጎት ልጅ

በየመንደሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ "ዘነበ" ሲሉት እጁን ዘርግቶ፣ ጣራውን አንጋጦ አይቶ፣ ደግሞ ጎረቤቱን "እናንተስ ዘንድ?" ብሎ ሳይጠይቅ የማያምን። የሆመቾው ክቡር አቶ ሽብሩ ግን እንዲህ ሆነው አልተወለዱም። በሃያ ዓመታቸው የአጎታቸው ልጅ በሬ ሰርቆ ሲጠፋ፣ አንድ ሰው "ፊቱን አይቻለሁ" ብሎ መሰከረባቸውና ሰባት ወር ታሰሩ። "ሁለታችንም አያታችንን ነው የምንመስለው" ቢሉ ሰሚ አላገኙም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ምስክር አይበቃቸውም። ሚስታቸው ጣቢታ "ቆጮው በስሏል" ስትል እንኳ ራሳቸው ቀምሰው ልጆቹን ያስቀምሳሉ።

"እስኪፈረድበት ይቀዘቅዛል" ትላለች ጣቢታ።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በሃምሳ ዓመታቸው ፊደል ሲቆጥሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ መሆኑን ሰምተው ተደነቁ። "እነዚህስ መልካቸው ይለያያል፤ የእኔና የአጎቴ ልጅ ነው የከፋው" አሉ።

በ1974 ክረምት የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ጓድ አሳምነው በእታለም ጎመን ላይ ጥቁር ትል አየ። "ተምች! ነገ መድኃኒት ይረጭ!" አለ። እታለም ባሏ የሞተባት ናት፤ ከጎመኑ አጠገብ ያሏት አራት ቀፎዎች የልጆቿ ልብስና ደብተር ናቸው። መድኃኒቱ ንብ አይምርም። ተምች ከሆነ ደግሞ የመንደሩን ጤፍ ይጨርሳል።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ምስክርህ ማነው?" አሉ ሽብሩ።

"መልኩ! አያዩትም እንዴ?"

"በመልክ የሚመጣውን አውቃለሁ።"

"ትል ፍርድ ቤት ሊያቀርቡ ነው?"

"እኔ ቀርቤ የለ! ሦስት ቀን ስጠኝ። ጤፍ ከተነካ እሰረኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።"

አፈር ባለው ጣሳ ውስጥ ጥቂት ትሎች ከጤፍ ቅጠልና ከጎመን ጋር አስቀመጡ። በማግስቱ ጎመኑ ወንፊት ሆኗል፤ ጤፉ እንዳለ ነው። ማሳ ወርደውም አዩ። ተምች እንደ ጦር ተሰልፎ ይዘምታል፤ እነዚህ በየቅጠላቸው ተኮራምተዋል።

በሦስተኛው ቀን ጓድ አሳምነው ጣሳውንም፣ ያልተነካውን ጤፍም አየና "ይቅር፣ አይረጭም" አለ። እታለም ትሎቹን በእጇ ለቀመቻቸው።

ሽብሩ ግን ጣሳውን አልደፉም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከትሉ ተለውጦ የወጣውን የእሳት ራት፣ ዓምና በክብሪት ሳጥን ካስቀመጡት የተምች የእሳት ራት ጎን አድርገው አስተያዩ። ክንፉ ሌላ ነው።

ማር ሲቆረጥ እታለም በሳህን ይዛ መጣች። "አባባ፣ ትሉ ታዲያ ምን ኖሯል?"

"የተምች የአጎት ልጅ ነዋ!" አሉ። ስቃ ስታበቃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ፊት ከአያት ይወረሳል፤ ሥራ ግን የራስ ነው። ያኔ እኔ ያጣሁት 'ሌላስ ማን አየ?' የሚል አንድ ሰው ነው። ትሉ ግን አገኘ።"