ሦስተኛ ወገን

(ሚዛን ተፈሪ፣ የኢንሹራንስ ቢሮ በር ላይ። የሚኒባስ ባለቤቱ ይሄይስ ወዲያ ወዲህ ይላል። ባጃጅ ነጂው ተረፈ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።)

ይሄይስ፦ ቆይ፣ ይሄ ፍርድ ነው? እንደኔ ተጠንቅቆ የሚነዳውም፣ ቴፒ መንገድ ላይ እንደ ጥይት የሚበረውም እኩል አረቦን ይክፈል?

ተረፈ፦ አረቦን... ዓረብ አገር ነው የሚላከው?

ይሄይስ፦ ወይ ጉድ! ለኢንሹራንሱ በየዓመቱ የምንከፍለው ነዋ! አሁን ገብቼ "ያልገጨ ሰው ይቀነስለት" እላለሁ። አንተ ምስክሬ ነህ።

ተረፈ፦ የገጨስ ጋሼ?

ይሄይስ፦ ይጨመርበታ! ፍትሕ ማለት እሱ ነው። በል እንለማመድ። እኔ የኢንሹራንሷን ሠራተኛ ወይዘሪት ንጋቷን ልሁን። (ድምፁን አቅጥኖ) "አቶ ይሄይስን ያውቋቸዋል?"

ተረፈ፦ በደንብ! አማን ከተማ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው የተዋወቅነው። ባጃጄን ከኋላ ሲገጩብኝ።

ይሄይስ፦ (አፉን እየያዘው) ኧረ ቀስ! እሱ ግጭት አይደለም!

ተረፈ፦ ቦይ ገብታ የለ እንዴ? እስካሁን ቆማ ቀርታለች እኮ።

ይሄይስ፦ በሽማግሌ አልቋል! ታርቀናል፣ ተቃቅፈናል፣ ሙዝ በዘለላው አሸክሜሃለሁ። በሽማግሌ ያለቀ ነገር ግጭት አይባልም።

ተረፈ፦ ታዲያ ምን ይባላል?

ይሄይስ፦ ትውውቅ!

ተረፈ፦ እሺ። (ያስባል) ሙዙስ ጥሩ ነበር። ግን አለቀ። ልጆቹ ዳቦ ይላሉ፣ ሚስቴ ዓለምሸት ደግሞ "ባጃጇ ካልሠራች ምን ልንበላ ነው?" እያለች ታለቅሳለች። እኔም ጨንቆኛል ጋሼ።

ይሄይስ፦ አይዞህ፣ ሌላ ዘለላ አመጣለሁ። ብቻ ከጠየቀችህ "ሦስተኛ ወገን ነክተው አያውቁም" በል።

ተረፈ፦ የማን ወገን ነው እሱ? ከሸኮ በኩል ነው ከሸዋ ቤንች?

ይሄይስ፦ አንተ ሰውዬ ልታሳብደኝ ነው! አንደኛው እኔ፣ ሁለተኛው ኢንሹራንሱ፣ ሦስተኛው እኔ የገጨሁት ሰው! የተሰበረበትን የሚያሠራለት የእኔ ኢንሹራንስ ነው። ሕግ ነው!

ተረፈ፦ ሽማግሌ ቢያስታርቀውም?

ይሄይስ፦ (ደረቱን ነፍቶ) ሽማግሌ ሕግ ይሽራል እንዴ?

ተረፈ፦ ሙዝ ቢበላም?

ይሄይስ፦ የቴፒን ሙዝ ሙልጭ አድርጎ ቢበላም! መብቱ ነው! መብ... (የራሱን አፍ ይይዛል)

ተረፈ፦ (ተነስቶ ቆቡን እያጠለቀ) ውይ ጋሼ! ወገን መሆናችንን እስካሁን ሳይነግሩኝ?

ይሄይስ፦ ተረፈ! ተረፍዬ! ወዴት ነው?

ተረፈ፦ (በሩን እያንኳኳ) ወይዘሪት ንጋቷ! ሦስተኛው ወገን መጥቷል። ጋሼ ይሄይስም አሉ፤ ፍትሕ ፈልገው ነው፤ "የገጨ ይጨመርበት" ይላሉ!