የልዑል ቀላል ሰንሰለት

ዘንድሮ ሙቀቱ ከሰኔ ጀምሮ አልለቀቀም። መብራት ይጠፋል፤ ውሃ ይቆረጣል። ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈራችን፣ ጣሪያዬ ላይ ከማረባቸው ጥንቸሎች ሦስት ብቻ ተረፉ፤ ፈረንሳዩ የምለው አሮጌ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ ልጃቸው ልዑል።

ፈረንሳዩን ወደ አገሩ የተመለሰ የፈረንሳይ ወታደር ትቶልኝ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ እኔ ጥንቸል ሻጭ አይደለሁም፤ የዘር ባለአደራ ነኝ። ማዕረጉን ራሴ ሰጥቼ ራሴ ተቀበልኩ።

ግድግዳ የምንጋራው አብዱላሂ ይህን ክብር ከተዳፈረ ሦስት ዓመቱ ነው። በሰፈራችን ደንብ የአንዱ ወንድ ጥንቸል የጎረቤቱን ሴት ጥንቸል ካስረገዘ፣ የወንዱ ባለቤት ከልጆቹ አንዱን መርጦ ይወስዳል። የልዑልን እናት ያስረገዛት ግድግዳውን ዘሎ የመጣው የእሱ ግራጫ ወንድ ነው ባይ ነው።

«ድርሻዬን ስጠኝ፣ ኢስማኤል። ግራጫው አርጅቷል፤ ሴቶቼ ያለ ወንድ ቀሩ።»

«ልዑል የፈረንሳዩ ልጅ ነው። አካሄዱን እይ።»

«ጥንቸል ነው፤ ይዘላል።»

ጉዳዩ ሳይንሳዊ እልባት እንዲያገኝ ወሰንኩ። ልጄ ከውሰር የጥንቸል ደም የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ትሠራለች። ግራጫውን ጨምሮ የአራቱንም ደም አስቀዳሁ። ውጤቱ በሚነገርበት ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ጣሪያዬ ላይ ሰብስቤ ስለ ዘር ንጽሕና ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። ፈረንሳዩ ንግግሩ መሐል ተኛ።

«አባዬ፣» አለች ከውሰር፣ «በሽታ የሚዋጋው ፀረ እንግዳ አካል ከባድና ቀላል ሰንሰለት አለው። የቀላሉ ዓይነት በቁጥር ይለያል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት ይወረሳል። የእናትየው አምስት ቁጥር ብቻ ነው። ልዑል አምስትም ዘጠኝም አለው።»

«ዘጠኝ ከፍተኛ ነው። የፈረንሳዩ ነው።»

«ቁጥሩ መለያ ነው እንጂ ማዕረግ አይደለም። ፈረንሳዩ ያለው አራት ብቻ ነው። ዘጠኝ ያለው ግራጫው ነው።»

ጎረቤቱ ሁሉ ወደ አብዱላሂ ዞረ። እኔ ግን እጄን አልሰጠሁም።

«አንድ ሴል ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚሠራው ብለሽኝ ነበር። የእናቱን የሚሠሩትን ብቻ ብንቆጥርስ?»

«የቀረውን ደሙን የት እናድርገው፣ አባዬ?»

ከዚያ ውልደት በሕይወት ያለው ልዑል ብቻ ስለሆነ ምርጫው ጊዜ አልወሰደም። የሦስት ዓመቱን ዕዳ በሁለት እጄ አስረከብኩ።

አብዱላሂ ልዑልን ብብቱ ውስጥ አስገብቶ ወደ ፈረንሳዩ ተመለከተ።

«አይክፋህ። ከእሱ ጋር ትግባባላችሁ። እሱም እንዳንተ ጥላ ስር ተቀምጦ በሌላው ልጅ ሲኮራ ነው የኖረው።»