ግራጫው ፍርድ ቤት

ሰው ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምናየው ግድግዳውን ነው። አትዋሹኝ፤ እናንተም ታደርጉታላችሁ። አፋችን ሰላምታ ሲያዥጎደጉድ ዓይናችን ማን ተመረቀ፣ ማን ተዳረ፣ የትኛው መልአክ ይጠብቃቸዋል እያለ ይዞራል። ስለዚህ ባለቤቴ ጽጌ የማናውቀውን ከተማ ፍርድ ቤት ሳሎናችን ውስጥ ስትሰቅል ነገር እንደሚመጣ ገባኝ።

ሥዕሉን የሰጠቻት ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት ባልደረባዋ ናት። አጎቷ ከክፍለ ሀገሩ ሳይወጣ የትውልድ ከተማውን ሕንፃዎች በመዳብ ላይ እየቀረጸ ሲያትም የኖረ ሰው ነው አሉ። ከዚያ አካባቢ ውጪ የሚያውቀው የለም፤ እኛ በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ፉሩሴት ላይ አወቅነው። ዓምዶች፣ ሰፊ ደረጃ፣ ጥቁር መስኮቶች፣ ከላይ እስከ ታች ግራጫ ጥላ።

ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ኤርትራዊ ጎረቤታችን ጋሽ ተክሌ ታክሲ ይነዳሉ፤ እሑድ እሑድ ምሳ እኛ ጋ ነው። በዚያ እሑድ ሥዕሉን ቀረብ ብለው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ፣ ዓይናቸውን አሹ፣ እንደገና አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ምሳውን ሳይጨርሱ "ትንሽ አሞኛል" ብለው ወረዱ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። ከዚያ በኋላም አልመጡም።

ጭንቅ ያዘኝ። ጋሽ ተክሌ በወጣትነታቸው ታስረው ነበር። ያ ሕንፃ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ወህኒ ቤት ይመስላል። ሽማግሌውን ጠርቼ፣ ምሳ አቅርቤ፣ ወደ እስር ቤት መለስኳቸው ማለት ነው! አውቶቡስ ስነዳ እሱኑ፣ ስተኛ እሱኑ። በመጨረሻ ወርጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ጋሽ ተክሌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥዕሉን አወርደዋለሁ።"

"ሥዕሉ ምን አደረገ?" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዓይኔ ነው፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። ሕንፃው ላይ አሸዋ የተበተነ መሰለኝ። እናንተ ምንም ሳትሉ ስትቀሩ ዓይኔ አበቃለት ብዬ ፈራሁ። መንጃ ፈቃዴን ቢነጥቁኝስ? ትናንት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ዓይንህ ደህና ነው ይለኛል። ታዲያ አሸዋው ምንድን ነው?"

እጃቸውን ይዤ ወደ ላይ ወሰድኳቸው። ጽጌ ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ጋሽዬ፣ አሸዋውማ እዚያው ነው! አኳቲንት ይባላል። ሠዓሊው መዳቡ ላይ የሙጫ ዱቄት ነስንሶ በአሲድ ሲያስበላው ጥላው ሁሉ በደቃቅ ነጠብጣብ ይሠራል።"

ጋሽ ተክሌ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ፤ እፎይታ ነው። ሦስታችንም ሳቅን።

"የቱ ጋ ነው ነጠብጣቡ?" አልኩ።

ሳቁ ቆመ።

"ኧረ ሁሉም ቦታ!" አለች ጽጌ።

አፍንጫዬ የሥዕሉን መስተዋት እስኪነካ ተጠጋሁ። እኔ የማየው ጭስ የመሰለ ለስላሳ ግራጫ ነው። ጋሽ ተክሌ ተነሡና ቀኝ ዓይኔን በመዳፋቸው ሸፈኑት። "አሁንስ?"

አሁን ደረጃውም ከዓምዱ አልለይ አለኝ።

ሞራ ነው ተባለ፤ በሁለቱም ዓይኖቼ። ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ መሪ አልጨበጥኩም፤ ሆስፒታል ያመላለሱኝ ጋሽ ተክሌ ናቸው፣ በታክሲያቸው፣ በየመንገዱ ታፔላ እያስነበቡ። ዛሬ ሥዕሉ ፊት ስቆም እያንዳንዷን ነጠብጣብ አያለሁ። ጽጌ "አየህ እንዴት እንደሚያምር!" ትላለች፤ እኔም አዎ እላለሁ።

ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፦ በፊት ይበልጥ ያምር ነበር።