አተካና ለታመመ ልብ

ወፍራም ሰው የግል ሆድ የለውም። ትርፍ ቤት ከመወረሱ በፊት የወፍራም ሰው ቦርጭ ተወርሶ ነበር፤ አዋጁ በሬዲዮ ስላልተነገረ ነው እንጂ። ቀበሌው ያየዋል፣ ጎረቤቱ በዓይኑ ይመዝነዋል፣ ገበያ ላይ የማላውቃት ሴት ቆማ «ውይ መምህር፣ ደግሞ ጨመሩ!» ትለኛለች። ምን አገባት? እኔ እሷን ቀነስሽ ብያት አውቃለሁ?

ደግሞ እኮ ሰነፍ ወፍራም አይደለሁም። ሆሳዕና ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የቀበሌው ሕዝብ ለስፖርት ሲወጣ ፊት ቆሜ የማዘልለው እኔ፣ ተማሪ አስከትዬ ዳገቱን የምሮጠው እኔ። ሊቀመንበራችን እንደ ሸንበቆ የቀጠኑ ሰው ናቸው፤ ሩጫው ሲጀመር የጫማቸው ማሰሪያ ይፈታል፣ ለማሰር እንዳጎነበሱ እዚያው ይቀራሉ። ታዲያ ደረቱን ማንን ወጋው? እኔን!

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የጤና ረዳቱ፣ እሱም ነፋስ የሚወስደው ልጅ፣ ደረቴን አዳምጦ ልብዎ ደክሟል አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ቆጮ፣ ቡላ የሚባል ነገር በአፍዎ እንዳይዞር፤ ቅቤም ይተዉ፤ ጎመን ይብሉ አለ። ይህ ልጅ የት አገር ያለ መስሎታል? እንሰት ጓሮ ተወልጄ፣ በቆጮ አድጌ፣ ቆጮ ተው እባላለሁ? ክትፎ ያለ ቆጮ ምኑ ይበላል ብዬ ብቆጣ፣ ክትፎውንም ይቀንሱ ብሎኝ አረፈ። ተናድጄ ወጣሁ። ተናድጄም ታዘዝኩ፤ አባቴ በዚሁ በደረት ሕመም ነበር ማሳው ላይ የወደቀው። ሞት ፈራሁ፣ ሌላ ምን ልበል?

ቀበቶዬ ገና ሳይላላ ታናሽ ወንድሜ ኤርሚያስ ሚስት ላግባ አለ። ልጅቷ የጊምቢቹው ገበሬ የአቶ ሀንዲሶ ልጅ ናት። አባት ስለሌለን ሽማግሌ ይዤ የምሄደው እኔው ነኝ። ኤርሚያስ ለብቻ ወስዶ ለመነኝ፤ ጋሼ፣ ስለ ደረትህ ትንፍሽ እንዳትል፣ የልብ ሕመም በዘር ይወርዳል ብለው ልጃቸውን የከለከሉ ሰዎች አሉ አለኝ። ልጁ እንዲህ ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም።

ጊምቢቹ ደረስን። ከሰላምታውና ከጸሎቱ በኋላ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? አተካና! ቡላው በቅቤ ርሶ፣ ሌላ ቅቤ ደግሞ ከላይ ፈሶበት። ይህ ምግብ ለተራ እንግዳ አይሠራም፤ እሱን እምቢ ያለ ቤቱን እምቢ እንዳለ ይቆጠራል። አቶ ሀንዲሶ፣ እሳቸውም ደህና አድርገው የሞሉ ሰው ናቸው፣ አጠገቤ ተቀመጡና ከአንድ ሳሕን እንብላ አሉ።

ልቤን ላድን ወይስ ወንድሜን ልዳር? በላሁ። እኔ ባነሣሁ ቁጥር እሳቸውም ያነሣሉ። ባለቤት እየበላ እንግዳ ቢያቆም ንቀት ነው፤ እንግዳ እየበላ ባለቤት ቢያቆም ስስት ነው። ስለዚህ ማን ያቁም? ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ፣ ግን አይተዉም! ምን ዓይነት ሆዳም ሰው ነው፣ ልጁን ሊሰጠን ነው ወይስ እኔን ሊቀብረኝ እያልኩ በሆዴ ተሳደብኩ። ሳሕኑ ሲጎድል ሴቶቹ ጨመሩበት። ያንንም ጨረስን። ልጅቷ ተፈቀደችልን፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ።

በማግስቱ ደረቴን ደግፌ፣ የአቶ ሀንዲሶን ሆድ እየረገምኩ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ማን ተቀምጦ ባገኝ ጥሩ ነው? አቶ ሀንዲሶ! ከጊምቢቹ ድረስ መጥተው፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ። ሲያዩኝ እጃቸውን ወዲያው አወረዱ፤ እኔም የእኔን አወረድኩ። ለካ እሳቸውም ልጄን የሚያገባት አጣለሁ ብለው ሕመማቸውን ደብቀውኝ ኖሯል።

የጤና ረዳቱ ብቅ አለና ሁለታችንም ላይ አፈጠጠ። ቡላና ቅቤ ተዉ ብዬ ለሁለታችሁም አልተናገርኩም ወይ? ትናንት ምን በላችሁ? ብሎ ጮኸ። በረንዳው ላይ የነበረው ሕመምተኛ ሁሉ፣ ግማሹ የጊምቢቹ ሰው፣ ጆሮውን ወደኛ ጣለ።

አማቼን አየኋቸው። አማቼም አዩኝ። ከዚያ እኩል አፍ አውጥተን፣ «ጎመን!» አልን።